ሪከርሽንን ማን አስተማረ? የአንድ ሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ተሞክሮ ከሐዋሳ

በሐዋሳ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የትምህርት ክፍላችን የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርቱን እንዲከልስ ሲታዘዝ ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ሆኜ ተመደብሁ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሲጠፋም ጸሐፊነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። በሁለት ወር ይጠናቀቃል የተባለው ሥራ ዓመት ከመንፈቅ ወሰደ። ጊዜውን የበላው የሥራው ስፋት ሳይሆን አጀማመራችን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍነው በኋላ ራሳችን የጣልነውን ሰነድ በመጻፍ ነው። ተመሳሳይ ኃላፊነት የተሰጣቸው ባልደረቦች እኛ በተደናቀፍንበት እንዳይደናቀፉ በማሰብ የሆነውን እንደሆነ አስቀምጣለሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ የነባሩን ሥርዓተ ትምህርት የኮርሶች ዝርዝር በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አወጣን። ቀጥሎ የሆነውን በማንኛውም ትምህርት ክፍል የሠራ ሰው ሊገምተው ይችላል። አንዱ «ማሽን ለርኒንግ የሌለው ሥርዓተ ትምህርት በዚህ ዘመን እንዴት ይጸድቃል?» አለ፤ ሌላው ክላውድ ኮምፒውቲንግን፣ ሦስተኛው ብሎክቼይንን አነሣ፤ እኔም በበኩሌ የሞባይል አፕሊኬሽን ኮርስ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጥ ብዬ አጥብቄ ተከራከርሁ። በሦስተኛው ስብሰባ ማብቂያ ቃለ ጉባኤዬን ሳነብ 9 አዳዲስ ኮርሶች ተጨምረው አንድም ነባር ኮርስ አልተነሣም ነበር። መቀነስን ማንም ያላነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ኮርስ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጧል። አንድ መምህር ለዓመታት ስላይዱን ያዘጋጀበትን፣ ጥያቄውን ያጠራቀመበትንና የማስተማር ጭነቱን የሞላበትን ኮርስ «ይነሣ» ማለት የሰውን የእርሻ ድንበር እንደ መግፋት ይቆጠራል።

ከዚህ ጉዞ ያስቆመን ሂሳብ ነው። በአገራችን ከክሬዲት ሰዓት ጎን ለጎን የምንጠቀምበት የአውሮፓው የክሬዲት ሥርዓት፣ ሁላችንም ኢሲቲኤስ እያልን የምንጠራው፣ የሚቆጥረው መምህሩ ቆሞ የሚያስተምርበትን ሰዓት ሳይሆን ተማሪው በክፍል፣ በላብራቶሪና ብቻውን በጥናት የሚያሳልፈውን ጠቅላላ ሰዓት ነው። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ሲሆን ሙሉ ዓመቱ 60 ክሬዲት ይይዛል። ስለዚህ 30 ክሬዲት ያለው ሴሚስተር በትንሹ 750 ሰዓት ይጠይቃል፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 47 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች ተመልሰው የመጀመሪያውን ዓመት በአብዛኛው ስለያዙት ለእኛ የተረፉን ስድስት ሴሚስተሮች ብቻ ነበሩ። ዘጠኙን ኮርሶች በእነዚህ ላይ በትነን ስናሰላ አንዱ የሦስተኛ ዓመት ሴሚስተር 41 ክሬዲት ደረሰ። ይህ ማለት ተማሪው እሑድን ጨምሮ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ መሥራት አለበት ማለት ነው፤ ካፌ ተሰልፎ ምሳ የሚበላበትን ጊዜ ሳንቆጥር። ይህን ስሌት በመጀመሪያው ቀን ሠርተን ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ስብሰባዎች አያስፈልጉም ነበር። አሁን ማንም ምክር ቢጠይቀኝ በቅድሚያ የምለው ስለ ኮርስ ስም ከመነጋገራችሁ በፊት ያላችሁን ሰዓት ቆጥራችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉት ነው።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከጋበዝናቸው አንጋፋ መምህር ነው። ረቂቁን አንብበው ሲጨርሱ ምሳ ልንጋብዛቸው በሐይቁ ዳር ወዳለው የአሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወሰድናቸው፤ አሣው እስኪጠበስ ድረስ ሰነዱን ከቦርሳቸው አውጥተው አንድ በአንድ ይጠይቁን ጀመር። ጥያቄያቸው ለሁሉም ኮርስ አንድ ነበር፦ «ይህን ኮርስ ጨርሶ የወጣ ልጅ ምን ሠርቶ ያሳየኛል?» ለዳታቤዝ፣ ለኔትወርክ፣ ለዌብ ፕሮግራሚንግ መልስ አላጣንም። ብሎክቼይን ላይ ስንደርስ ሐሳቡን ያመጣው ባልደረባችን «ስለ ቴክኖሎጂው ያውቃል» ሲል መለሰ። «ማወቁን በምን አየዋለሁ?» አሉት። ዝም ተባለ። ከዚያ አስከትለው «ማን ነው የሚያስተምረው? በየትኛው ማሽን?» ሲሉ ጠየቁ፤ እኛም አሣው በመድረሱ ተደሰትን። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዘጠኙ አዳዲስ ኮርሶች ስድስቱን በገዛ እጃችን ሰረዝን። የእኔ ሁለተኛው የሞባይል ኮርስም ከተሰረዙት አንዱ ነበር፤ አልደበቅም፣ ቅር ብሎኝ ነበር።

እኚሁ መምህር የመከሩን ሌላው ነገር ዓለም አቀፎቹን መመሪያዎች ስናነብ ከርእሶቹ ይልቅ የሰዓት ሠንጠረዦቹን እንድንመለከት ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኤሲኤም የመጀመሪያውን የሥርዓተ ትምህርት ምክረ ሐሳብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር (አይትሪፕልኢ) የኮምፒውተር ክፍል ጋር እየሆነ በየጊዜው ሲያድሰው ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2023 የወጡት በስፋት የሚጠቀሱት ናቸው። የ2013ቱ ሰነድ ማንም የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ሳያውቀው ሊወጣ አይገባም የሚለው የመጀመሪያ ደረጃ እምብርት በድምሩ 165 የገለጻ ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛው ደረጃ 143 ሰዓት ሲሆን ከእርሱም ቢያንስ 80 በመቶው ይሸፈን ይላል። ከ165ቱ ሰዓት 43ቱ ለሶፍትዌር ግንባታ መሠረታውያን፣ 37ቱ ደግሞ ለዲስክሪት ሒሳብ፣ ማለትም ስብስብን፣ ሎጂክንና ግራፍን ለሚያጠናው ሒሳብ፣ የተመደቡ ናቸው፤ ሁለቱ ተደምረው ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። የእኛ ረቂቅ ግን ዲስክሪት ሒሳብን እንደ ጎን ኮርስ ቆጥሮ በሦስተኛ ዓመት አስቀምጦት ነበር፣ ያውም መረጃ በፕሮግራም ውስጥ የሚደራጅበትን መንገድ ከሚያስተምረው ከዳታ ስትራክቸር በኋላ። ሰነዱን እንድንገለብጠው አልመክርም፤ የተጻፈው ለሌላ አገር ላብራቶሪና ለሌላ አገር ተማሪ ነው። ነገር ግን አስኳሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማየቱ ብቻውን መጨመርን ለሚወድ ኮሚቴ ፍቱን መድኃኒት ነው።

ከዚህ በኋላ የሠራነው ሥራ በአጠቃላይ ሂደቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠቀመን ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልግለጸው። በአንድ ባዶ ክፍል ግድግዳ ላይ ትላልቅ ወረቀቶች ለጠፍን። ኮርሶቹን ሳይሆን በኮርሶቹ ውስጥ ያሉትን ርእሶች፣ ማለትም አሬይ፣ ሉፕ፣ ፖይንተር፣ ሶርቲንግ፣ ግራፍ፣ ኢንዴክስ፣ ፕሮሰስ፣ ሶኬት እያልን እያንዳንዱን በትንሽ ወረቀት ጻፍን። ከዚያም እያንዳንዱ መምህር ለሚያስተምረው ኮርስ ሁለት ነገር እንዲያደርግ ተጠየቀ፤ እኔ አስተምረዋለሁ በሚለው ርእስ ላይ አረንጓዴ ምልክት፣ ተማሪው አውቆት ይመጣል ብሎ በሚጠብቀው ላይ ቀይ ምልክት እንዲያደርግ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ አንዳንዱ ባልደረባ የመጣው ከስልክ ውትወታ በኋላ ነው።

ሪከርሽን፣ ማለትም አንድ ፋንክሽን መልሶ ራሱን የሚጠራበት ስልት፣ በቀይ ምልክቶች ተከቦ አንድም አረንጓዴ ሳይኖረው ተገኘ። የዳታ ስትራክቸር መምህሯ ዛፍን (መረጃን በቅርንጫፍ የሚያደራጅ አወቃቀር) የምታስተምረው ተማሪዎቹ ሪከርሽንን በፕሮግራሚንግ ተምረው መጥተዋል ብላ ነው። የፕሮግራሚንግ መምህሩ፣ ማለትም እኔ፣ ሴሚስተሩ ስለሚያጥረኝ በዳታ ስትራክቸር ይደርሱበታል እያልሁ የመጨረሻውን ምዕራፍ ስዘለው ኖሬአለሁ። የአልጎሪዝም፣ የኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) እና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መምህራን ደግሞ ሁለታችንንም አምነው ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ ለዓመታት «ኮምፓይለር ይከብዳል» ሲሉ የሰማነው ቅሬታ ምንጩ የት እንደነበረ በዚያ ግድግዳ ላይ አየነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ለካ ለዚህም ይሠራል። በግሌ ያፈርሁበት ቀን ነው፤ ሆኖም ማንም ማንንም ሳይወቅስ ጥፋቱን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስላየነው ውይይቱ ከዚያ በኋላ ተለወጠ። ስለ ኮርስ ባለቤትነት መከራከር ቀርቶ ይህን ርእስ ማን ይውሰደው ወደሚለው ተሸጋገርን።

ግድግዳው ሌላም ብዙ አሳይቶናል። ሶርቲንግ፣ ማለትም መረጃን በቅደም ተከተል መደርደር፣ በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ስትራክቸርና በአልጎሪዝም ኮርሶች ሦስት ጊዜ ከቀላሉ ስልት ከባብል ሶርት እየተጀመረ ይሰጥ ነበር። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከኮምፒውተር አርኪቴክቸር በፊት ስለሚሰጥ ተማሪው ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጠው ምልክት፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ስለ ፕሮሰስ መቀያየር ይማራል። ኦቶማታ የተባለው የስሌት ንድፈ ሐሳብ ኮርስ ከዲስክሪት ሒሳብ ጋር በአንድ ሴሚስተር ስለነበረ ስብስብና ማረጋገጫ የሚሉት ሐሳቦች በአንዱ ክፍል ገና ሳይጀመሩ በሌላው ይፈለጋሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ የገረመኝ ግን በግድግዳው ላይ ፈጽሞ ያልተጻፉት ነገሮች ናቸው። የተበላሸ ፕሮግራም ውስጥ ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘት፣ የትእዛዝ መስመር አጠቃቀም፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረውና ዛሬ በአብዛኛው የሶፍትዌር ቤት የሚሠራበት የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ጊት፣ የሌላ ሰው ኮድ አንብቦ መረዳት፣ እነዚህ በየትኛውም ኮርስ ውስጥ አልነበሩም። ለእነዚህ አዲስ ኮርስ አልከፈትንም። በሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ባለው የፕሮግራሚንግ ላብራቶሪ ውስጥ አስገባናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማንኛውም የቤት ሥራ በጊት ብቻ እንዲቀርብ ወሰንን። ተማሪ አንድን መሣሪያ የሚለምደው ስለ እርሱ በተማረበት ሳምንት ሳይሆን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲገደድበት ነው።

በየትኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይጀመር የሚለው ጥያቄ አራት ስብሰባ በላብን፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው አንድም አይገባውም ነበር። ነባሩ ኮርስ በሲ ፕላስ ፕላስ ይሰጥ ነበር፤ ይህ በራሱ ችግር አልነበረውም። ችግሩ በላብራቶሪያችን የሚሠራበት ተርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው፣ የቦርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሰማያዊ ገጽ ያለው ፕሮግራም መሆኑ ነው። ቋንቋው ዓለም አቀፍ ደረጃ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 በመሆኑ ተማሪዎቻችን «ቮይድ ሜይን» እያሉ የሚጽፉት ኮድ ዛሬ በስፋት በሚሠራባቸው ብዙ ኮምፓይለሮች ላይ አያልፍም። በመጨረሻ በፓይተን ተጀምሮ በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ እንዲኬድ ተስማማን፤ ምክንያቱም ጀማሪው ከሰዋስው ጋር ከመታገሉ በፊት ችግር መፍታትን እንዲለምድ ስለፈለግን፣ ይሁን እንጂ ሜሞሪ ምን እንደሆነ ሳያይ እንዲመረቅ ስላልፈለግን ነው።

የሁለቱ ቋንቋዎች ተከታትሎ መምጣት ያልጠበቅነውን ጥቅም አመጣ። በሁለተኛው ሴሚስተር የመጀመሪያ ሳምንት ላብ ተማሪዎቹ የከተማቸውን ስም «ሐዋሳ» ብለው በግእዝ ፊደል ጽፈው ርዝመቱን እንዲያሳትሙ አዘዝኋቸው። በፓይተን 3 ይላል። በሲ ፕላስ ፕላስ 9 ሲል ክፍሉ ተንጫጫ፤ አንዷ ተማሪ «መምህር፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» አለችኝ። የግእዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚወክለው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 መሆኑን፣ ዩቲኤፍ ኤይት በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት እንደሚይዝ፣ አንደኛው ቋንቋ ፊደል ሌላኛው ደግሞ ባይት እንደሚቆጥር ያስረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት እንዲገለብጡት ስነግራቸው በስክሪኑ ላይ የወጣውን የተበጣጠሰ ምልክት አይተው ሳቁ፤ ግን ገባቸው። ስለ መረጃ አወካከል በስላይድ ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚፈጀው በአንድ የላብ ሰዓት አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራዎቻችንን ከምናውቀው ነገር መቅዳት ልማድ አደረግነው። የጀማሪዎቹ ሁለተኛ የቤት ሥራ ዓመተ ምሕረት ተቀብሎ ጳጉሜን 5 ናት ወይስ 6 ብሎ የሚመልስ ፕሮግራም ነው፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ፣ ለምሳሌ እንደ 2015፣ ስድስት ትሆናለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ተማሪ «ዘመነ ሉቃስ ነዋ!» ብሎ ቀድሞ ይደርስበታል። በዳታቤዝ ኮርስ ደግሞ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ተማሪ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ እንዲያገኛት የሚያደርግ ፍለጋ ይሠራሉ። በአንድ ድምፅ ብዙ ፊደል ላለው ጽሕፈት ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ያልተፈታበት መዝገብ ቤት ሰው ሲያመላልስ አይተናል።

ከቀጣሪዎች ጋር ያደረግነው የፍላጎት ዳሰሳ በመጠይቅ ሲሆን ምንም አልጠቀመንም። ሁሉም ሳጥን ላይ «በጣም አስፈላጊ» ተብሎ ተመልሶ መጣ። ሁለት ሁለት ሆነን በባንክ ቅርንጫፎች፣ በሐይቁ ዳር ባሉ ሪዞርቶችና በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባሉ ፋብሪካዎች እየዞርን «ባለፈው ዓመት የቀጠራችሁት ልጅ ምን አቃተው?» ብለን መጠየቅ ስንጀምር ግን እውነተኛ መልስ አገኘን። የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የአይቲ ኃላፊ ሲስተሙ ሲቆም መጠባበቂያ ሳይዝ ዊንዶውስን እንደገና ጭኖ የወሩን የደመወዝ መረጃ ያጠፋ ምሩቅ እንደነበራቸው ነገሩን። ሌሎቹም የጎደለ ቴክኖሎጂ ስም አልጠሩም፤ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ የሚፈልግ፣ የሠራውን በአንድ ገጽ ጽፎ ለአለቃው የሚያስረዳ፣ አላውቅም ማለት የሚችል ሰው ነው የጎደለን አሉ። መጠባበቂያ መያዝና መልሶ ማስነሣት በሲስተም አስተዳደር ኮርሱ ላይ ውጤት የሚያዝበት የላብ ፈተና የሆነው በዚያ ጉብኝት ምክንያት ነው።

ስለ ላብራቶሪ ስናገር አንድ ጥፋታችንን ማንሣት አለብኝ። የላብ ቴክኒሻናችን፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራው፣ በኮሚቴው ውስጥ አልነበረም፤ የጠራነውም ረቂቁ ካለቀ በኋላ ነው። በሰነዱ ላይ 40 ኮምፒውተር አለን ብለን ጽፈን ነበር። «የሚነሡት 22 ናቸው» አለን። ለኔትወርክ ኮርስ የዘረዘርናቸው ራውተሮችም በመጋዘን መዝገብ ላይ እንጂ በመጋዘኑ ውስጥ እንደሌሉ የነገረን እርሱ ነው። የኔትወርኩ ላብ ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያሳየው ፕሮግራም በፓኬት ትሬሰር እንዲሠራ ተቀየረ፤ ሰነዱም በእውነተኛው ቁጥር ታረመ። ቴክኒሻንን በመጀመሪያው ቀን ጥሩ።

የምዘናው ለውጥ ከኮርሶቹ ለውጥ የበለጠ ዋጋ እንደነበረው አምናለሁ። ለስድስት ዓመት የፕሮግራሚንግ ፈተና በወረቀት ስፈትን ኖሬአለሁ፤ ተማሪው ሴሚኮለን ረስቶ ነጥብ ይቀነስበታል፣ አንድም የሚሠራ ፕሮግራም ሳይጽፍ ግን ቢ ያገኛል። በአዲሱ ደንብ ከውጤቱ 60 በመቶው ማሽን ላይ ከሚሠራ ሥራ ይመጣል። አንድ ክፍል 48 ተማሪ ስላለውና የሚነሡት ማሽኖች 22 ስለሆኑ በሦስት ዙር፣ በሦስት የተለያየ ጥያቄ እንፈትናለን። መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ አከራከረን፤ ቴክኒሻኑ የተማሪዎቹን ሥራ በየአምስት ደቂቃው ወደ ሰርቨሩ የሚገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፣ መቋረጡ ከ20 ደቂቃ ካለፈም ዙሩ ተሰርዞ በሌላ ጥያቄ እንዲደገም ተወሰነ። ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ በኋላ የቤት ሥራ ሁሉ እንከን የለሽ ሆኖ መምጣት ሲጀምር ደግሞ የአምስት ደቂቃ የቃል ጥያቄ ጨመርን። ተማሪው አጠገቤ ተቀምጦ ኮዱን ይከፍታል፤ እኔ በአንዷ መስመር ላይ ጣቴን አስቀምጬ «ይህችን ብናጠፋት ምን ይሆናል?» እለዋለሁ። ራሱ የጻፈው ወዲያው ይመልሳል። ያልጻፈው ግን አጠገቡ ካሉት ስምንት መስመሮች ይጀምርና ይንተባተባል። ለመምህሩ አድካሚ ነው፤ ለ48 ተማሪ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

የመውጫ ፈተናው ሥራችን መሐል ላይ ደረሰ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምርና ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ ሲሆን፣ የአስተዳደር ሰዎች ሥርዓተ ትምህርቱን በፈተናው ልክ ቁረጡት ሲሉ ጫና አደረጉብን፤ እኛም ለጥቂት ጊዜ ተፈትነን ነበር። ሆኖም ባለ ምርጫ ጥያቄ የሚለካው ከላይ የጠቀስሁትን የ60 በመቶ ሥራ አይደለም። ያደረግነው የሚፈተኑት ኮርሶች በሙሉ በግዴታ ኮርሶቻችን ውስጥ መኖራቸውን ማረጋገጥና በመጨረሻው ሴሚስተር ክሬዲት የሌለው ሳምንታዊ የክለሳ ክፍለ ጊዜ መመደብ ብቻ ነው።

ከትምህርት ክፍል ጉባኤ እስከ ሴኔት ያለው የማጽደቅ ሂደት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የሚያስተምረው ብዙ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፤ ሰነዱን ያለ የአቻ ኮርሶች ሠንጠረዥ አትላኩት። እኛ ያለ ሠንጠረዡ ልከነው ጸደቀ፣ ሥራ ላይም ዋለ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት በሕመም ምክንያት ትምህርቷን አቋርጣ የቆየች ተማሪ ስትመለስ የጎደሏት ሁለት ኮርሶች በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የሉም። ከነባሩ የትኛው ኮርስ በአዲሱ የትኛውን እንደሚተካ የሚገልጽ ወረቀት ስላልነበረ ሬጅስትራር ሊመዘግባት አልቻለም፤ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ አንድ ወር ሙሉ ከክፍል ቀረች። ሠንጠረዡን በኋላ ስንሠራው አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስነው።

ያልተፈታልን አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ዲስክሪት ሒሳብን ወደ ሁለተኛ ዓመት መጀመሪያ ብናመጣውም የሚያስተምረው የሒሳብ ትምህርት ክፍል ነው፤ እነርሱም በራሳቸው መንገድ፣ ለሒሳብ ተማሪ በሚሰጡበት ቅደም ተከተል ይሰጡታል፤ ግራፍና ኢንዳክሽን (አንድ ነገር ለአንዱ ቁጥር ከሠራ ለቀጣዩም እንደሚሠራ እያሳዩ ለሁሉም የማረጋገጥ ስልት) የሚደርሱት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፣ አንዳንዴም አይደርሱም። ኮርሱን ወደ እኛ እናምጣው ማለት የድንበር ጉዳዩን እንደገና መቀስቀስ ስለሚሆን በዚህ ሴሚስተር ሌላ መንገድ እየሞከርን ነው። የዳታ ስትራክቸር መምህሯ ሐሙስ ሐሙስ ከሒሳብ መምህሩ ጋር አብራ ወደ ቱቶሪያሉ ትገባለች፤ እርሱ በሰሌዳው ላይ ኢንዳክሽንን ሲያረጋግጥ እርሷ በፕሮጀክተሩ ያንኑ በሪከርሽን ትጽፋለች። ውጤቱን የምናየው እነዚሁ ተማሪዎች በሚቀጥለው ሴሚስተር ዛፎች ላይ ሲደርሱ ነው።